«ሲኒ» ስሙን ከየት አመጣው?

ቡና የምንጠጣበት ሲኒ ለምን «ሲኒ» እንደተባለ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታል፤ «ሲኒይ» ማለት ቻይናዊ ማለት ነው። ዕቃው በመጣበት አገር ስም ተጠራ፤ ስሙም እኛ ዘንድ ደረሰ።

በዐባሲያ ኸሊፋዎች ዘመን ሙስሊም ነጋዴዎች በመርከብ ቻይና ድረስ ይዘልቁ ነበር። በ237 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 851) የተጻፈው «አኽባሩ-ሲን ወል-ሂንድ» ቻይናዎች እንደ ብርጭቆ የሳሳ፣ የያዘው ውሃ ከውጭ የሚታይበት የሸክላ ዕቃ እንደሚሠሩ ይናገራል። ፖርሰሊን ማለት ነው።

የበስራ ሸክላ ሠሪዎች ይህን ዕቃ መሥራት ፈለጉ፤ ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ያገራቸውን ቢጫ ሸክላ ቆርቆሮ በገባበት ነጭ ልባጥ ሸፍነው በኮባልት ሰማያዊ አስጌጡት። ላዩ ቻይና፣ ውስጡ በስራ! በ700 ሂጅራ (1301) ደግሞ የካሻኑ አቡል ቃሲም የሌላ ጭቃ ቀመር ጽፎ አኖረ፦ 10 እጅ የተፈጨ ነጭ ድንጋይ፣ 1 እጅ የብርጭቆ ዱቄት፣ 1 እጅ ነጭ ሸክላ። እንደኔ ከሆነ ይህ ከማስመሰል አልፎ ራሱን የቻለ ፈጠራ ነው። እውነተኛው ፖርሰሊን ግን አልነበረም። አውሮፓ ራሷ ምስጢሩን ያገኘችው ዘግይታ ነው፤ የጀርመኑ የማይሰን ፋብሪካ የተከፈተው በ1710 ነው።

አፈሩ ከተገኘ በኋላ የቀረው ጥያቄ ቅርጹ ነበር። ክብ ዕቃ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ይወጣል፤ ማዕዘን ያለው ወይም ቅርጹ የተወሳሰበ ዕቃ ግን እምቢ ይላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ስታፎርድሻየር ሠሪዎች መፍትሔውን በጀሶ አገኙት፤ ያው ኮርኒስ የሚሠራበት ጀሶ። ከውሃ ጋር ተቦክቶ ሲደርቅ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይሞሉታል። በጀሶ ፎርማ ውስጥ እንደ እንጀራ ሊጥ የቀጠነ ጭቃ ሲፈስ ጀሶው ውሃውን ይመጠዋል፤ የፎርማውን ግድግዳ የነካው ጭቃም እየወፈረ ይሄዳል። ውፍረቱ ሲበቃ መሐል የቀረው ፈሳሽ ይገለበጣል። የቀረው ቅርፊት ሲደርቅ ስለሚኮማተር በራሱ ጊዜ ከፎርማው ይላቀቃል። ከባዱ ነገር የውሃው መጠን ነው። ውሃው ከበዛ ፎርማው ቶሎ ይርሳል፣ ዕቃውም ይሰነጠቃል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ጥቂት ሶዳ ከተጨመረበት ጭቃው በትንሽ ውሃም እንደሚፈስ ታወቀ። በመጨረሻ እስከ 1,300 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ይቃጠላል።

የዑስማንያ ቤተ መንግሥት ለዘመናት የቻይና ዕቃ ሲሰበስብ ኖሯል፤ ቶፕካፒ ውስጥ ዛሬም ከ10,000 በላይ አለ። በ1890ዎቹ ግን ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ዳግማዊ ኢስታንቡል ውስጥ፣ በዪልዲዝ ቤተ መንግሥታቸው ግቢ የፖርሰሊን ፋብሪካ አስከፈቱ። ፋብሪካው ዛሬም ያመርታል።