«ያሸነፍነው እኛ አይደለንምን?» ስለ ፓርላማዊ ሥርዓታችን የሰፈኑ ሦስት የተሳሳቱ ግንዛቤዎች

(በሆሳዕና ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



በ1992 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነበርሁ። የዚያ ዓመት ጠቅላላ ምርጫ ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከገበያ የሚመለሱ አንድ አዛውንት መንገድ ላይ አስቁመውኝ፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህና ንገረኝ፤ ያሸነፍነው እኛ አይደለንምን? ታዲያ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስለ ምን አልተነሣም?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም «አባባ፣ ነገሩ ጊዜ ይፈልጋል» ብዬ አልፌአቸው ሄድሁ። መልሴ ትሕትና ያለው ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ስሕተት ነበረ። ጊዜ ብቻውን የሚፈታው ጉዳይ አልነበረም። ለእኒያ አዛውንት ያን ቀን ልሰጣቸው ይገባኝ የነበረውን መልስ ዛሬ በእናንተ ፊት ለመስጠት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ወደ ኋላ ልመለስ። በአገራችን የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲታወጅ ሁለት ምክር ቤቶች ቢያቋቁምም፣ ሕዝቡ አንዱንም አልመረጠም። ሕዝብ በቀጥታ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የመረጠው በተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት ነው። ያኔ ይህ አካባቢያችን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። በዚያ ምርጫ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እጩው የሚቀርበው በግሉ ሆኖ፣ ንብረት ያለው መሆን ይጠበቅበት ነበር። የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባላትም ሆነ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በደርግ ዘመን መጨረሻ የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎም ምርጫ ነበረው፤ ሆኖም ያለው ፓርቲ አንድ ብቻ ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሣው ስለ አንድ ልማድ ነው። አያቶቻችንም አባቶቻችንም ሥልጣን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እንጂ ከምርጫ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ አላዩም። ስለዚህ ሥርዓቱ በወረቀት ከተለወጠ በኋላም የምናየው በአሮጌው ዓይን ሆኖ ቀረ። ሦስቱ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች የሚመነጩት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው «ጠቅላይ ሚኒስትሩን እኛ መረጥነው» ወይም በተቃራኒው «ሳንመርጠው ተሾመብን» የሚለው ነው። ሁለቱም አባባሎች ሕጉን ይስታሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 45 የመንግሥቱ ሥርዓት ፓርላማዊ መሆኑን፣ በአንቀጽ 73 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል በምክር ቤቱ እንደሚመረጥ ይደነግጋል። በሆሳዕና ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የሚገኘው በሆሳዕና የሚወዳደሩ እጩዎች ስም ነው።

አቶ መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ የጎረቤታችን የወላይታ ተወላጅ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ፈጸሙ። እርሳቸው በየካቲት 2010 ዓ.ም. መልቀቂያ አቅርበው፣ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን ተተኩ። በሁለቱም ጊዜ አገር አቀፍ ምርጫ አልተደረገም፤ ብዙ ሰውም «ማን መረጣቸው?» ብሎ ጠየቀ። የመረጣቸው ምክር ቤቱ ነው። ይሁንና የጠያቂዎቹ ቅሬታ ባዶ አልነበረም። በሁለቱም ጊዜ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ይዘውት ስለነበር፣ እውነተኛው ምርጫ የተደረገው በግንባሩ ምክር ቤት ውስጥ ነበር፤ ፓርላማው ያጸደቀው እዚያ ያለቀውን ነው።

በዚህ ግራ የምንጋባው እኛ ብቻ አይደለንም። ፓርላማን ከኛ በፊት በለመደችው በካናዳ እንኳ ብዙ መራጭ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ የሚመርጥ ይመስለዋል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ማርክ ካርኒ ገዥውን ፓርቲ በመምራታቸው ብቻ፣ የምክር ቤት መቀመጫ ሳይኖራቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ምርጫው የመጣው በሚቀጥለው ወር ነው። የካናዳ የ1867 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር የሚለውን ቃል ጭራሽ አይጠቅስም፤ ሥራው በልማድ የጸና ነው። በኛ ሕግ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የግድ የምክር ቤቱ አባል መሆን አለበት።

ከካናዳ ይልቅ ለዚህ አዳራሽ የምትቀርበው ደቡብ አፍሪካ ናት። ከሐዲያና ከከምባታ ስንት ልጆቻችን እዚያ እንዳሉ ታውቃላችሁ። እዚያ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ብሔራዊ ሸንጎው ነው። በ2016 ዓ.ም. ምርጫ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ከ400 መቀመጫ 159 ብቻ ስላገኘ፣ ሲሪል ራማፎዛ ዳግመኛ የተመረጡት የሌሎች ፓርቲዎች አባላት ድምፅ ስለሰጧቸው ነው። አንድ ተራ የምክር ቤት መቀመጫ ምን ያህል እንደሚመዝን ያን ጊዜ ታየ።

ሁለተኛው ግንዛቤ የአዛውንቱ ጥያቄ ነው። በ1992 ዓ.ም. ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የሚመሩት ድርጅት በሐዲያ ዞን ገዥውን ፓርቲ ተፎካክሮ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎችን አሸነፈ። ምርጫው ያለ ችግር አላለፈም፤ በአንዳንድ የምርጫ ክልሎች እንደገና መካሄድ አስፈልጎት ነበር። ሕዝቡ በድሉ ተደሰተ፤ ከዚያም ነገ ጠዋት ቀበሌው የሚለወጥ መሰለው። የሆነው ግን ሌላ ነው። የተሸነፈው ወይም የተያዘው አዲስ አበባ ያለ ወንበር ነበር። ግብር የሚሰበስበው፣ መሬት የሚመዘግበው፣ የማዳበሪያ ዕዳ የሚጠይቀው ግን ቀበሌውና ወረዳው ነው፤ እነርሱም ምክር ቤታቸው የሚመረጠው በሌላ ጊዜ በሚካሄድ የአካባቢ ምርጫ ነው። በጥቂት የፌዴራል ወንበሮች ደግሞ መንግሥት መመሥረት አይቻልም፤ በአንቀጽ 56 መሠረት የሥራ አስፈጻሚውን የሚያደራጀው አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም ጣምራ ነው።

ለአዛውንቱ «አባባ፣ ያሸነፋችሁት አዲስ አበባ የሚከራከርላችሁን ሰው ነው፤ ሊቀ መንበሩን የሚነሣው ሌላ የምርጫ ቀን አለ፤ ያን ቀን ጠብቁ፣ እጩም አዘጋጁ» ብላቸው ኖሮ ተስፋቸው ወደ ሥራ ይለወጥ ነበር። እኔ ግን በተስፋ ብቻ ሸኘኋቸው። ብዙ ሰው «ምርጫ ዋጋ የለውም» ወደሚለው ድምዳሜ የሚደርሰው ድምፁን በሰጠበት ወንበር ላይ የሌለ ሥልጣን ሲጠብቅ ቆይቶ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥፋቱን ሁሉ በመራጩ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። አገር አቀፉ የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ ወዲህ፣ ይህን ንግግር እስካዘጋጀሁ ድረስ አልተደገመም። ለአርሶ አደሩ የቅርቡ ወንበር የትኛው እንደሆነ ብናስተምረውም፣ ያን ወንበር የሚመርጥበት ቀን ካልመጣ ትምህርታችን ጎደሎ ነው።

ሦስተኛው «ተመራጩ የፓርቲው ሰው ነው» የሚለው ነው። አንቀጽ 54 ግን የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ሆነው ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ መራጩ አመኔታ ሲያጣበትም አባሉን ከምክር ቤት ሊያነሣ እንደሚችል ይፈቅዳል። በተግባር የፓርቲ ዲሲፕሊን ከዚህ ይጠነክራል፤ በአንድ ፓርቲ በተሞላ ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ ኅሊና የሚሰማበት ቦታ ይጠባል። በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ 410 መቀመጫ አግኝቷል። ከዚያ በኋላ የሌሎች ፓርቲዎች መሪዎች ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ «ጣምራ መንግሥት ተመሠረተ» ያሉ ነበሩ። በፓርላማዊ ሥርዓት ጣምራ መንግሥት የሚባለው አብላጫ የጎደለው ፓርቲ በሌሎች ወንበር ሲደገፍና እነርሱ ድጋፋቸውን ሲነፍጉት ሊወድቅ ሲችል ነው። የ2014ቱ ሹመት ግብዣ ነበር፤ ግብዣ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ጋባዡ ግን ያለ እንግዶቹም ቤቱ አይፈርስም።

ወገኖቼ፣ በሐዲያም በከምባታም «ሴራ» ስንል አማርኛው የሚሰጠውን ክፉ ትርጉም አናስብም፤ አባቶቻችን ተሰብስበው ያጸኑት የአብሮ መኖር ሥርዓት ማለታችን ነው። በሴራው ሸንጎ ሽማግሌው በማን ስም እንደሚናገርና ለማን መልስ እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል። ከተመራጮቻችንም የምንጠብቀው ከዚህ የራቀ አይደለም። ማንኛውም እጩ ደጃችሁ ሲመጣ «መንገድ ትሠራልናለህን?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የምትወዳደርበት ወንበር ምን ለመወሰን ሥልጣን አለው? ፓርቲህና ሕዝብህ ሲለያዩ ድምፅህን ለማን ትሰጣለህ? በዓመት ስንት ጊዜ መጥተህ እንደዛሬው ፊታችን ትቆማለህ?

አዛውንቱን ዳግመኛ አላገኘኋቸውም። በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸው እጅግ ገፍቷል። ከእናንተ መካከል የሚያውቋቸው ካሉ፣ መምህሩ መልሱን ይዞ መጥቶ ነበር ብላችሁ ንገሩልኝ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።