«እርሳው» ያላሉት ሐኪም

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከምሽግ ከተመለሱት የብሪታንያ ወታደሮች መካከል ገላቸው ሳይቆስል አንደበታቸው የተዘጋ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ሌሊቱን በጩኸት የሚያነጉ ብዙዎች ነበሩ። ሐኪሙ ቻርልስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1915 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለዚህ ሕመም «ሼል ሾክ» (የመድፍ ጥይት ድንጋጤ) ብለው ጻፉ። ስም ወጣለት፤ በፈውሱ ላይ ግን ስምምነት አልነበረም። ለንደን ኩዊን ስኩዌር በሚገኘው ሆስፒታል ሌዊስ ዬላንድ የተባሉ ሐኪም መናገር የተሳነውን አንድ ወታደር በር ቆልፈውበት፣ ቃል እስኪተነፍስ ድረስ ጉሮሮውን በኤሌክትሪክ ነዘሩት። ይህንንም በ1918 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ስኬት ተርከውታል።

ኤድንበራ ዳርቻ ላይ ሌላ ዓይነት ሕክምና ይሰጥ ነበር።

በ1916 የተከፈተው የክሬግሎክሃርት የጦር ሆስፒታል ቀደም ሲል በውኃ የሚታከሙ እንግዶች ማረፊያ ነበር። ሐኪሙ ዊሊያም ሪቨርስ እዚያ ሲመደቡ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮም ይንተባተባሉ። በ1898 ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ባሉት የቶረስ ሰርጥ ደሴቶች የነዋሪዎቹን የዘር ሐረግ ከአንደበታቸው እየጠየቁ መዝግበው ነበር። አሁን የሚጠይቁት መኮንኖችን ነው። ብዙዎቹ «ያየኸውን እርሳው፤ ደስ የሚል ነገር አስብ» ተብለው ተመክረዋል። ቀኑን እንደ ምንም ይገፉታል፤ ሌሊት ግን ያዩት ነገር በሕልም ይመጣባቸዋል።

ሪቨርስ በ1917 መጨረሻ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ባነበቡት ጽሑፍ የአንዱን መኮንን ታሪክ አንስተዋል። ጓደኛውን ሊፈልግ ወጥቶ፣ ራሱና እጅ እግሩ ከገላው ተለያይቶ አገኘው። ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ በሕልሙ ይመጣበታል። ሪቨርስ «እርሳው» አላሉትም። እንዲያ የተበጣጠሰ ሰው ሳይሰቃይ፣ በቅጽበት እንደሞተ አስረዱት። የሰውየው ፊት ፈካ። ለተወሰኑ ሌሊቶች ሕልሙ ጠፋ፤ ተመልሶ ሲመጣም ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ለቤተሰቡ የሚላኩ ዕቃዎችን ሲሰበስብ አየ። የቀድሞው ሽብር አልነበረም።

ሁልጊዜ ግን አልተሳካላቸውም። የመድፍ ጥይት ፍንዳታ አሽቀንጥሮት ከሞተ ቀናት ባለፉት ጀርመናዊ ሆድ ላይ በፊቱ የተደፋውን መኮንን የሚያጽናኑበት አንድም ነገር አጡ። ከሠራዊቱ ተሰናብቶ፣ ቀድሞ እፎይ ወዳለበት የገጠር ኑሮ እንዲመለስ ተወሰነ።

ያም ሆኖ ሪቨርስ የሠራዊቱ ሐኪም ነበሩ፤ የዳነ ይዘምታል። ገጣሚው ሲግፍሪድ ሳሱን በሐምሌ 1917 ወደ እሳቸው የመጣው ጦርነቱን በይፋ ስለተቃወመ ነው። ወራት ተነጋገሩ፤ በኅዳር ወደ ግዳጁ ተመለሰ። በዚያው ሆስፒታል በሐኪሙ አርተር ብሮክ የታከመው ገጣሚ ዊልፍሬድ ኦወን ወደ ግንባር ተመልሶ፣ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተገደለ።

ክሬግሎክሃርት የመኮንኖች ብቻ ነበር። ተራው ወታደር እንዲህ ያለ ሰሚ የሚያገኘው በዕድል ነው። ሰሚ ሳያገኝ የተቀጣም ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ በመክዳት፣ በፍርሃትና በመሳሰሉት ተከሰው ለተረሸኑ 306 ወታደሮች የብሪታንያ ፓርላማ ይቅርታ የሰጠው በ2006 ሲሆን፣ አብዛኞቹ ተራ ወታደሮች ነበሩ።