የሌላ ሕዝብ የሥርዓት ዕቃ በስብሰባዎቻችን፦ እንጠቀምበት ወይስ እንተወው?

በሥልጠናና በዕርቅ ስብሰባዎች አንዳንድ አስተባባሪዎች ከሌላ ሕዝብ ባህል የተወሰደ በትር፣ ዶቃ ወይም ሣር ይዘው ይገባሉ። በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው የንግግር በትር ነው። በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሸንጎ በትሩን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ዕቃውን ተውሰን እናምጣው ወይ?

ዕቃው በባለቤቱ እጅ

በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ሲንቄ የምትባለውን ቀጭን በትር እናት ለልጇ በጋብቻዋ ጊዜ ትሰጣታለች። ሴቶች ሲንቄ ይዘው በተጣሉት መካከል ሲገቡ ጠቡ ይቆማል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘውና ተንበርክከው መለሷቸው። ወጣቶቹ የሣሩን ትርጉም ያውቃሉ፤ የያዙትም የገዛ አባቶቻቸው ናቸው። ያንኑ ሣር አንድ አሠልጣኝ በሌላ አገር አዳራሽ ቢያድለው ሣር ብቻ ነው።

ቃሉ ምን ያስተምረናል?

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ፣ ጣዖት ከንቱ መሆኑን የሚያውቅ አማኝ እንኳ ስለ ደካማው ወንድም ሲል መብቱን እንዲተው ይመክራል (1ኛ ቆሮ. 8)። ንጉሥ ሕዝቅያስም ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ የሰባበረው ሕዝቡ ያጥንለት ስለ ነበር ነው (2ኛ ነገ. 18፥4)። በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራው ዕቃ እንኳ ወጥመድ ሆነ።

በእኛ አካባቢ

እዚህ ዶዮገና ጉዳዩን ቀላል አድርገን አናየውም። በከምባታና በሐድያ ጉባኤዎቻችን ጨሌያቸውን አቃጥለው፣ የቃልቻ ቤት ትተው ወደ ጌታ የመጡ እናቶችና አባቶች አብረውን ይቀመጣሉ። አሠልጣኙ ለማሳመር ብሎ መካከል ላይ ያኖረው ዶቃ ለእነርሱ ጌጥ አይደለም። እንዲናገሩ በተጠሩበት ስብሰባ ዝም ያሰኛቸዋል።

ለአስተባባሪዎች የሚጠቅሙ ነጥቦች

1. ዕቃው የማን እንደሆነና ለምን እንደ ተለየ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለመናፍስት አምልኮ የተለየ ከሆነ አታስገቡት።

2. ባለቤቶቹ በስብሰባው ካሉ እነርሱ ይወስኑ፣ እነርሱው ይያዙት። በሌሉበት አትዋሱት።

3. ሽማግሌዎችን አስቀድማችሁ አማክሩ። የአንድ ሰው ኅሊና እንኳ ከታወከ ተዉት።

4. ሥርዓቱን ተማሩ፣ ዕቃውን ለባለቤቱ ተዉ። ድምፅ ማጉያ ወይም እስክሪብቶ እየተቀባበሉ በተራ መናገር ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በሌላ በኩል የማናውቀውን ባህል ሁሉ የሰይጣን ነው ብሎ መፈረጅም ተገቢ አይደለም። የጋሞ አባቶች በዚያ ሣር ደም እንዳይፈስ ከልክለዋል። ስለዚህ ከመፍረዳችንም ከመዋሳችንም በፊት እንጠይቅ። ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን።