በውጭ አገር ከተደረገ የፀጉር ንቅለ ተከላ በኋላ ማገገም

የፀጉር ንቅለ ተከላ ከማጅራት በላይና ከጆሮ ዙሪያ የፀጉር ሥሮችን ወስዶ ፀጉር በሳሳበት ወይም በተመለጠ የራስ ክፍል ላይ የመትከል ቀዶ ሕክምና ነው። ብዙ ሰዎች ለዚህ ሕክምና ወደ ሌላ አገር፣ በተለይም ቱርክ ውስጥ ወደምትገኘው ኢስታንቡል ይጓዛሉ። በዚያ የሚቆዩት አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ማገገሙ ግን እስከ 12 ወይም 18 ወር ስለሚዘልቅ፣ አብዛኛው ክፍሉ የሚካሄደው ታካሚው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው።

አሠራሩ

ጃፓናዊው የቆዳ ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ እ.ኤ.አ. በ1939 ፀጉር ያለውን ቆዳ በትንንሹ እየወሰዱ ስለ መትከል ጽፏል። አሜሪካዊው ሐኪም ኖርማን ኦረንትራይክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ የተተከለ ፀጉር የተወሰደበትን ቦታ ባሕርይ እንደያዘ እንደሚቀጥል አሳየ። የወንዶች ራሰ በራነት የሚያጠቃው በዋናነት የግንባርንና የአናትን ፀጉር ስለሆነ፣ ከማጅራት በላይ የተወሰደ ፀጉር በአዲሱ ቦታም አብዛኛውን ጊዜ አይረግፍም።

ዛሬ ሁለት ዋና ዘዴዎች አሉ። በአንደኛው ቀጭን የቆዳ ሰንበር ተቆርጦ ቦታው ይሰፋል፤ የመስመር ጠባሳም ይተዋል። በሁለተኛው ስፋቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ መብሻ ሥሮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ነጠብጣብ የሚመስሉ ጥቃቅን ጠባሳዎችን ይተዋል። እያንዳንዱ የሚተከል ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ፀጉር ይይዛል።

የማገገም ደረጃዎች

ከቀን 1 እስከ 5፦ ቆዳው ይቀላል፣ ቅርፊት ይሠራል። እብጠት ወደ ግንባርና ወደ ዓይን ዙሪያ ሊወርድ ይችላል። ታካሚው ራሱን በትራስ ከፍ አድርጎ በጀርባው እንዲተኛ ይመከራል።

ከቀን 5 እስከ 14፦ ሥሮቹ እየጸኑ ይሄዳሉ፤ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ በቀላሉ አይነቀሉም። ቅርፊቱ በለስላሳ እጥበት ይረግፋል፤ በጥፍር መፋቅ ግን ሥሩን ሊነቅል ይችላል።

ከሳምንት 2 እስከ 8፦ የተተከለው ፀጉር አብዛኛው ይረግፋል። ብዙዎች ሕክምናው እንደከሸፈ የሚያስቡት በዚህ ጊዜ ነው። ሆኖም የሚረግፈው ዘንጉ ነው፤ ሥሩ ከቆዳ በታች ለጊዜው ያርፋል።

ከወር 3 እስከ 6፦ አዲስ ፀጉር በመጀመሪያ ቀጭን ሆኖ ይወጣል።

ከወር 6 እስከ 18፦ ፀጉሩ ይወፍራል፣ ይረዝማል። የመጨረሻው ውጤት የሚመዘነው ከ12 ወር በኋላ ነው።

የመልስ ጉዞና የቤት እንክብካቤ

በረራው ራሱ የተተከለውን ሥር አይነቅልም። ይበልጥ የሚያሰጋው ራስን በመኪና በር ወይም ከመቀመጫ በላይ ባለው የሻንጣ ማስቀመጫ መግጨት ነው። ከላይ የሚጠለቅ ልብስ ሥሮቹን ሊነካ ስለሚችል ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲጋራ፣ አልኮል፣ ከባድ ስፖርት፣ ዋና እና ቀጥተኛ ፀሐይ እንዲቀሩ ይመከራል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ ሰፋ ያለ ባርኔጣ ይጠቅማል፤ መቼ ማድረግ እንደሚጀመር ግን ሐኪሙ ይወስናል። ራስን ዝቅ ማድረግ እብጠትን ስለሚያባብስና ግንባር መሬት ሲነካ ሥሮቹ ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ስግደት ለጊዜው ተቀምጦ ቢደረግ ይሻላል።

ከርዳዳ ፀጉርና ሹሩባ

የከርዳዳ ፀጉር ሥር ከቆዳ በታችም የታጠፈ ስለሆነ ሲወጣ የመቆረጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ልምድ ያለው ሐኪም ይፈልጋል። በሌላ በኩል ይህ ፀጉር ቆዳን በደንብ ስለሚሸፍን ጥቂት ሥሮች የተሻለ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ፣ ማለትም ኬሎይድ፣ በብዛት ይታያል። ስለዚህ ቀድሞ ኬሎይድ የነበረበት ሰው ይህን ለሐኪሙ መናገር አለበት። አጥብቆ በተጎነጎነ ሹሩባ ምክንያት የግንባር ፀጉሯ የሳሳ ሴት ከንቅለ ተከላው በኋላ ወደዚያው አሠራር ከተመለሰች አዲሱም ፀጉር ሊጎዳ ይችላል።

ችግሮችና ክትትል

ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ መግል፣ ትኩሳት ወይም የቆዳ መጥቆር ከታየ ግን በአቅራቢያ ወዳለ ሐኪም ወዲያውኑ መሄድ ያስፈልጋል፤ በውጭ ያለው ክሊኒክ በስልክ የሚልከው መልስ ምርመራን አይተካም። ከማጅራት ከመጠን በላይ ከተወሰደ ቦታው ሳስቶ ይቀራል፤ የተወሰደው ሥርም ተመልሶ አይበቅልም።

ዓለም አቀፉ የፀጉር ማስመለስ ቀዶ ሕክምና ማኅበር፣ ሐኪም ያልሆኑ ሠራተኞች ቀዶ ሕክምናውን የሚያካሂዱባቸውን ቦታዎች በተመለከተ ያስጠነቅቃል። ተጓዡ ከመመለሱ በፊት ቀዶ ሕክምናውን ያደረገውን ሐኪም ስም፣ የተተከሉትን ሥሮች ብዛትና የተሰጡትን መድኃኒቶች የሚገልጽ የጽሑፍ ማስረጃ መያዙ፣ በአገሩ የሚያክመው ሐኪም ሥራውን ከባዶ እንዳይጀምር ይረዳል።