የተያዘችው ጀልባና ያልተያዙት

ከኪቶ ፉርዲሳ ወደ መሀል ጅማ የሚወርድ ሰው ሄርማታ መርካቶ የሚባለውን ቀበሌ ያውቀዋል። ስሙ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሄርማታ የጅማ መንግሥት ትልቁ ገበያ ነበር። ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበታል። ከየአካባቢው ተፈንግሎ የመጣ ልጅ ዋጋ የሚቆረጥለት እዚያ ነበር። ነጋዴው ይሰግድ ነበር፤ በሰሜን ባሪያ ገዝቶ የሚያሳድረው መኳንንትም ቅዳሴ አያስታጉልም ነበር።

ታዲያ እግዚአብሔር የት ነበር? ከመድረክ የምንሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ ከክፉው ውስጥ በጎ ያወጣል። ምስክር ሆኖ የሚጠራውም ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 አካባቢ በኢሉባቦር ሁሩሙ ተወለደ፤ ስሙ ሂካ ነበር። ሕፃን ሳለ ተሰረቀ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ፣ በ1870 ነፃ ወጣ፣ ከስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማረ። ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ባይሸጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር ይባላል።

እኔም ብያለሁ። ማለት ያቆምኩት የአስቴር ጋኖን ታሪክ ሳነብ ነው።

አስቴር ነፃ ሆና ተወልዳ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ያደረጋት ልጅ ናት። ሊሙ ዛሬ በቡናው የምናውቀው አገር ነው። በ1886 ወደ ዐረብ ምድር ለሽያጭ ስትጫን የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን ቀይ ባሕር ላይ ያዟት። ከምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ኦነሲሞስ አገሩን የለቀቀው በልጅነቱ ስለነበር ኦሮምኛው ጎዶሎ ነበር፤ የሞላችለት እሷ ናት። ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላት ሰብስባለች። (ስሟ ግን ከእሱ ስም ጎን እምብዛም አይጠራም።)

ጀልባዋ ላይ ትንሽ እንቆይ። እግዚአብሔር አስቆማት እንበል። ከእሷ በፊት ስንትና ስንት ዓመት የተሻገሩትን ማን አስቆማቸው? እነዚያም ላይ የአስቴር እኩዮች ነበሩ። መዝገበ ቃላት አልጻፉም፤ ስማቸውንም የሚያውቅ የለም። በጎው የወጣው ለማን ነው? የእነሱ ሕይወት ለእኛ መጽሐፍ የተከፈለ ዋጋ ነው ልንል ነው? ይህን በሊሙ ልጇ ላልተመለሰላት እናት ፊት ቆሞ የሚናገር ካለ ይናገር። እኔ አልችልም።

እምነቴን አልተውኩም። የተውኩት ማብራሪያውን ነው። ኦነሲሞስ የሚለው ስም ራሱ ከፊልሞና መልእክት የተወሰደ የባሪያ ስም ነው። ጳውሎስ ያ ባሪያ ከጌታው የተለየበትን ምክንያት ሲገምት «ምናልባት» ብሎ ነው የሚጀምረው። የእኛ ሰባኪዎች ያቺን ቃል ጥለዋታል።

ኦነሲሞስ ከመለሳቸው መጻሕፍት አንዱ ኢዮብ ነው። በዚያ መጽሐፍ መጨረሻ እግዚአብሔር የሚቆጣው ሲጮህ በነበረው በኢዮብ አይደለም፤ መከራውን በሚያብራሩለት ወዳጆቹ ነው። ያንን ጩኸት ኦሮምኛ ያደረገው ሰው ራሱ በልጅነቱ የተሸጠ ነበር።