ፎቶዎቹን ያደበዘዘው አሮጌው ሃይፖ

እ.ኤ.አ. በ1855 የለንደኑ የፎቶግራፍ ማኅበር፣ በወረቀት ላይ የታተሙ ፎቶዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለምን ቢጫ እየሆኑ እንደሚደበዝዙ የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ልዑል አልበርት ለሥራው 50 ፓውንድ ሰጡ። ታልቦት የወረቀት ፎቶን ለሕዝብ ካስተዋወቀ ያኔ ገና 16 ዓመቱ ነበር፤ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል የተባለው ምስል ግን በባለቤቱ ዓይን ሥር እየጠፋ ነበር። ኮሚቴው ዋነኛው ምክንያት በደንብ ሳይለቀለቅ ወረቀቱ ውስጥ የቀረ ሃይፖ፣ ማለትም ምስሉን ለማጽናት የሚያገለግለው ኬሚካል ነው አለ። ትክክል ነው፤ እኔ ግን ጥፋቱ ከማለቅለቁም በፊት፣ ሃይፖው ከተበጠበጠበትና ደጋግሞ ከተሠራበት ሳህን ይጀምራል ባይ ነኝ።

ሃይፖ የብርን ጨው እንደሚያሟሟ ሳይንቲስቱ ጆን ኸርሼል ያወቀው በ1819 ነው። በ1839 ለታልቦት የነገረው ይህንኑ ነበር፤ ብርሃን ያልነካው የብር ጨው ከወረቀቱ ካልወጣ ፎቶው ቀን በወጣበት ቁጥር ይጠቁራልና። ነገር ግን የሃይፖና የብር ጨው ውህደት በመጠን ይወሰናል። ሲልቨር ናይትሬት የተባለው የብር ጨው በብዙ ሃይፖ ላይ ጠብ ሲደረግ ጥርት ብሎ ይሟሟል። በተቃራኒው ጥቂት ሃይፖ በብዙ ሲልቨር ናይትሬት ላይ ሲጨመር ነጭ ዝቃጭ ይፈጠራል፤ ዝቃጩም ዓይን እያየው ቢጫ፣ ቡናማ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። ይህ ጥቁር ነገር የብር ሰልፋይድ ነው። ብዙ ፎቶ ያለፈበት ሃይፖ በብር ስለተሞላ ወደዚህ ሁለተኛው ሁኔታ ይቀርባል፤ ወረቀቱ ውስጥ የሚተወው የብር ውህድ በውሃ አይወጣም፣ እያደርም ይበሰብሳል። አሲድ የነካው ሃይፖ ደግሞ ድኝ እየለቀቀ እንደ ወተት ይነጣል።

ታዲያ አሮጌው ሃይፖ ለምን አልተደፋም? የሚለቀው ድኝ ቀይ ቡናማውን ምስል ወደሚያምር ወይን ጠጅና ጥቁር ስለሚቀይረው ነው። ባለሙያው ድብልቁን የሚመዝነው በዚያ ቀን በሚያየው ውበት ነበር፤ ስህተቱም ለዚህ ነው እንደ ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው።

ጥፋተኛው የለንደን አየር ነው የሚል መከራከሪያ ይነሳል። የከሰል ጭስ ድኝ እንዳለው፣ እርጥበትም መበስበሱን እንደሚያፋጥን ኮሚቴው ራሱ አልካደም። ሆኖም በዚያው አየር ውስጥ የኖሩ ሌሎች ፎቶዎች ጸንተዋል፤ አየሩ የሚያባብሰው ወረቀቱ ይዞት የመጣውን ጉድለት ነው። ማለቅለቅ ብቻ ይበቃል ለሚለውም መልሱ ያው ዝቃጭ ነው፤ ውሃ የማያሟሟውን ነገር ሌሊቱን ሙሉ ቢያለቀልቁት አይለቅም።

መፍትሔው የተገኘው ቀለም የመስጠቱና ምስሉን የማጽናቱ ሥራዎች ሲለያዩ ነው። ፎቶው አስቀድሞ ለብቻው በተዘጋጀ የወርቅ ክሎራይድ ድብልቅ ውስጥ ቀለሙን ይይዛል፤ ከዚያ ትኩስ ሃይፖ ውስጥ ይገባል። ቀለሙ ከወርቁ ከተገኘ ደግሞ አሮጌውን ሃይፖ የሚያስቀምጥበት ምክንያት ለማንም አልቀረም።