ስሙ ለሰሌዳው የረዘመ ሰው

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እስቲ ዛሬ አንድ ስም አብራችሁኝ አንብቡ። መጀመሪያ ትንፋሽ ውሰዱ።

ታሌቡላማይናቫሌኒቬይቫካቡላይማይናኩላላኬባላው።

ጨረሳችሁ? ይሄ የአንድ ሰው ስም ነው። ከፊቱ ደግሞ ኢሊኬና እና ላሳሩሳ የሚሉ ሌሎች ሁለት ስሞች አሉ። ሰውየው በ1921 በፊጂ፣ ላው በሚባሉት ደሴቶች ተወለደ (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአገሩ ብሔራዊ ቡድን የክሪኬት ተጫዋች ነበር። በጨዋታዎቹ መዝገብ ላይ ግን ይሄን ስም ብትፈልጉ አታገኙትም። የምታገኙት «አይ. ኤል. ቡላ» የሚል ብቻ ነው።

ስሙ እንዲሁ የተደረደረ ድምፅ እንዳይመስላችሁ። ታሌ መመለስ ነው፣ ቡላ ሕይወት፣ ቫሌ ቤት፣ ቬይቫካቡላይ ማዳን። የማዳኛ ቤት ሲሉ ሆስፒታል ማለታቸው ነው። ናኩላ፣ ላኬባና ላው የቦታ ስሞች ናቸው። ሲጠቃለል «በላው፣ በላኬባ ደሴት፣ ናኩላ ካለው ሆስፒታል በሕይወት መመለስ» ማለት ነው። ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ተረፈ፣ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ እያልን የምንሰይም ሕዝብ ነን። ልጁን ስትጠሩት ቤቱ ያለፈበትንም አብራችሁ ትጠራላችሁ። የፊጂው ልዩነቱ ታሪኩን ሳይቆርጡ ሙሉውን መናገራቸው ነው።

ለምን ይሄን እንደማነሳ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ለእኔ የኑዛዜ ያህል ነው። አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

ፊጂ በደቡብ ፓስፊክ፣ ከኒውዚላንድ በስተሰሜን የምትገኝ ከ300 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን አይሞላም። ጥቅምት 10 ቀን 1874 ዛኮምባውና ሌሎች ትልልቅ አለቆች ሌቩካ ከተማ ላይ ፈርመው ደሴቶቹን ለእንግሊዝ አሳልፈው ሰጡ። ክሪኬትም ከእንግሊዞቹ ጋር መጣ። መጀመሪያ ነጮቹ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱት ቆዩ፤ ብዙም ሳይቆይ የአገሬው ሰው ዱላውን ተቀበላቸው።

ክሪኬትን ለማታውቁ ባጭሩ፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የመታው ሰው በሁለት ምልክቶች መካከል እየተመላለሰ ይሮጣል፤ እያንዳንዱ ሩጫ ነጥብ ነው። አንድ ጨዋታ ሦስት አራት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ደግሞ የመዝገብ ጨዋታ ነው። ማን ወረወረ፣ ማን መታ፣ ስንት አገባ፣ በማን ወጣ፣ ሁሉም ይጻፋል። የመቶ ዓመት ጨዋታ ውጤት ዛሬም ገልጣችሁ ታነባላችሁ። ስለዚህ በክሪኬት ዓለም መዝገብ ላይ የሌለ ሰው እንዳልነበረ ይቆጠራል።

በ1895 የቅኝ ግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ጆን ሲሞንድስ ዩዳል የሚባል እንግሊዛዊ ነጮችንና ፊጂያውያንን ቀላቅሎ ቡድን ይዞ ኒውዚላንድ ሄደ። በ1907 እና በ1908 መካከል ደግሞ ከባው ደሴት የተነሣ የፊጂያውያን ቡድን አውስትራሊያን ዞረ። የዛኮምባው የልጅ ልጅ ራቱ ካዳቩሌቩ አብሮ ነበር። (ራቱ የአለቃ ቤተሰብ ወንዶች የማዕረግ መጠሪያ ነው።)

ያን ጊዜ አውስትራሊያ መግባት ቀልድ አልነበረም። በ1901 የወጣ የኢሚግሬሽን ሕግ ነበራት። ነጭ ያልሆነን ሰው መመለስ ሲፈልጉ መኮንኑ በመረጠው የአውሮፓ ቋንቋ ሃምሳ ቃል ያህል የቃል ጽሕፈት ያስፈትነዋል። እንግሊዝኛ ከቻለ በሌላ ቋንቋ ይፈትኑታል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪው እንዲወድቅ ተብሎ ስለሚወጣ ፈተና ሳስብ ያመኛል። የፊጂ ልጆች እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት አገር ገብተው ነው ሜዳ ላይ የተሰለፉት።

ወደ ቡላ እንምጣ። በ1948 መጀመሪያ ፊጂ እንደገና ኒውዚላንድን ጎበኘች። የቡድኑ አምበል ፊሊፕ ስኖው ነበር፤ በፊጂ የሚያገለግል እንግሊዛዊ አስተዳዳሪ፣ የደራሲው ሲ. ፒ. ስኖው ወንድም። ፊጂያውያኑ ነጭ ሱሉ፣ ማለትም ጫፉ የተሰነጣጠቀ ሽርጥ፣ ታጥቀው በባዶ እግራቸው ተጫወቱ። (ባዶ እግር ሲባል የእኛ ሐሳብ ወዲያው ወደ ሮም እንደሚሄድ አውቃለሁ። እሱንም ቢሆን ዓለም «ቢቂላ» እያለ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው።) ቡላ በዚያ ቡድን ውስጥ ኳስ በኃይል በመምታት የታወቀ ነበር። በ1954ቱ ጉብኝትም ተመልሶ ሄደ።

በ1954ቱ ቡድን ውስጥ ራቱ ካሚሴሴ ማራ የሚባል፣ እሱም የላው ሰው የሆነ፣ በኦክስፎርድ የተማረ ወጣት ነበር። ፊጂ ጥቅምት 10 ቀን 1970 ነፃ ስትወጣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው እሱ ነው። ቀኑን አያችሁት? አገሩን አሳልፈው በሰጡበት ዕለት፣ ልክ በ96 ዓመቱ።

በ1956 ደግሞ አንድ ጉድ ሆነ። ዌስት ኢንዲስ፣ የ19 ዓመቱን ጋሪ ሶበርስን ጭምር የያዘው ቡድን፣ በመንገዱ ሱቫ ላይ ቆመ። የአንድ ቀን ጨዋታ ተደረገ። ፊጂ በ28 ነጥብ አሸነፈች! ኋላ ላይ ዓለምን ያንቀጠቀጠውን ዌስት ኢንዲስን ማለት ነው። ግን ይሄ ጨዋታ እንደ ዓለም አቀፍ ውድድር አይቆጠርም። የወዳጅነት ነው ተብሎ በኅዳግ ቀረ።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገሬ። በ1895፣ በ1948 እና በ1954 ከኒውዚላንድ ክፍለ ሀገራት ቡድኖች ጋር የተደረጉት ትልልቅ ጨዋታዎችም ለረጅም ጊዜ «አንደኛ ደረጃ» የሚባለው ማዕረግ አልነበራቸውም። ይሄ ማዕረግ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ለሚፈጁ፣ እውቅና ባላቸው ቡድኖች መካከል ለሚደረጉ ጨዋታዎች የሚሰጥ ነው። ማዕረጉ ከሌለ ያገባኸው ነጥብ በሕይወት ዘመን ድምርህ አይገባም። ሩጫውን ሮጠሃል፣ እግርህ ቆስሏል፣ ወረቀቱ ግን አያውቅህም።

ስኖው ይሄን ነገር ዝም ብሎ አላለፈውም። በ1949 የፊጂን ክሪኬት ታሪክ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ፊጂ በ1965 ከሲሎንና ከአሜሪካ ጋር የዓለም አቀፉ ክሪኬት ተባባሪ አባል ስትሆን ወኪሏ ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። የድሮዎቹ ጨዋታዎች ማዕረግ እንዲሰጣቸው ሲወተውት ኖሮ በመጨረሻ ተሳካለት። ጨዋታዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው አንደኛ ደረጃ ተባሉ። ቡላ ሜዳውን ከለቀቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ መዝገቡ ውስጥ ገባ።

ስኖውን ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። የቅኝ ገዢው ሹም ነበር። ፊጂያውያን በበዙበት ቡድን ላይ አምበሉ እንግሊዛዊ መሆኑ ራሱ የዘመኑን ሥርዓት ይነግራችኋል። ግን ለሰዎቹ የሚገባቸውን ሲቀሙ አይቶ፣ ጊዜው አልፏል ሳይል፣ ወረቀት ይዞ ተከራከረ። ሁለቱም እውነት ነው። ታሪክ ስታነቡ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን አትጣሉ።

ዛሬ ፊጂን ዓለም የሚያውቃት በራግቢ ነው። በ2016 ሪዮ ላይ የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዋን፣ ያውም ወርቅ፣ ያገኘችው በራግቢ ነው፤ ቶኪዮ ላይም ደገመችው። ክሪኬቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ከ2019 ጀምሮ ባለ 20 ኦቨር የሚባለውን አጭር ጨዋታ የሁሉም አባል አገሮች ከሆነ ዓለም አቀፍ ነው ብሎ ስለወሰነ፣ የፊጂ ልጆች በ2022 ቫኑዋቱ ላይ ሲሰለፉ ስማቸው በቀጥታ መዝገብ ገባ። እንደ ቡላ አሥርት ዓመታት አልጠበቁም።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ክፍሌ ውስጥ ስሙ የሚረዝም ልጅ ነበር። የስም መጥሪያው ሳጥን ጠባብ ነው፤ ግማሹን ቆርጬ ጻፍኩ። ስጠራውም በዚያው። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ለብሔራዊ ፈተና ሲመዘገቡ ከእኔ ዝርዝር ተገለበጠና የልጁ ሰርተፊኬት በግማሽ ስም መጣ። ከልደት ካርዱ ጋር አልገጥም አለ። ለማስተካከል ሁለት ወር ተመላለሰ። እናቱ አንድ ቀን ከሥራ ቀርታ መጣችና «ጋሼ፣ ይሄን ስም እኮ ያወጣንለት በምክንያት ነው» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ምክንያቱ ምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቅኋትም።

የቡላን ስም ትርጉም ያነበብኩ ቀን ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

ከረጅሙ ስም ሰሌዳው የተቀበለው «ቡላ»ን ብቻ ነው። በፊጂ ቋንቋ ቡላ ሕይወት ነው፤ ሰላምታቸውም እሱ ነው፣ መንገድ ላይ ስትገናኙ «ቡላ!» ይባላል። ደስ የሚል አጋጣሚ ነው እንል ይሆናል። ግን ሕይወቱን አስቀርተው ሆስፒታሉን፣ ደሴቱንና መመለሱን ነው የቆረጡት። ታሪኩ ደግሞ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን ስም የምጠራው ሙሉውን ነው። ሳጥኑ ካልበቃኝ በኅዳጉ እጽፋለሁ። መምህራን ወዳጆቼ፣ እናንተም ሞክሩት፤ ለአንድ ክፍል ሁለት ደቂቃ ቢጨምር ነው።

አንተ ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል፣ እዚህ ገጽ ላይ እንደምትገባ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ። ፈቃድህ ከሆነ ደግሞ የስምህን ምክንያት ከእናትህ ጠይቀህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ያኔ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ሌሎቻችሁም፣ የስማችሁ ታሪክ ምንድነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ሳታሳጥሩ።